አፓረንት ጸጥታ መምሪያ ልውጣ? ለአንዲት የሀዋሳ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የገቨርናንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለአፓረንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ሁለት ወር እንወጣለን። ጓደኞቼ ባንክና ኤንጂኦ እየፈለጉ ነው። እኔ ግን የከተማ አስተዳደር ስለ ማኅበረሰብ ደህንነት ፖሊሲ እንዴት እንደሚወስን ማየት እፈልጋለሁ። ከኛ በፊት የወጡ ልጆች ‹ፎቶ ኮፒ ስታነሺ ነው የምትከርሚው› ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ‹ሴት ልጅ ጸጥታ ቢሮ ምን ትሠራለች?› ብሎ አኩርፏል። በሁለት ወር የሚረባ ነገር መሥራት ይቻላል? እንዴትስ ነው የሚገባው?»

እህቴ፣ ሂጂ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ።

በከተማ ደህንነት ዕቅድ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የሚላኩ ልጆችንም ተቀብዬ አሠርቻለሁ። ጓደኞችሽ የነገሩሽ ውሸት አይደለም። ኮፒ ሲያነሱና ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲያደርሱ የሚከርሙ ልጆች አሉ። ማንም ንቋቸው ግን አይደለም። ኃላፊው ጠዋትም ከሰዓትም ስብሰባ ላይ ነው። ባለሙያው የሩብ ዓመት ሪፖርት ደርሶበታል። በር ላይ ቆመሽ «ምን ልሥራ?» ስትይው ዓይኑ የሚያርፈው ጠረጴዛው ላይ ባለው ወረቀት ላይ ነው። «እስቲ ይቺን ሦስት ኮፒ አድርጊልኝ» ይልሻል። በማግስቱም ያው ነው። ሁለት ወሩ እንዲህ እያለ ያልቃል።

ስለዚህ ሥራ እስኪሰጡሽ አትጠብቂ። አንድ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ትንሽ ትሁን። በሁለት ወር የምታልቅ፣ መልሷ እዚያው መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለች፣ መልሱን ያገኘ ሰው በማግስቱ የሆነ ነገር ሊያስተካክልበት የሚችል ጥያቄ ትሁን። እኔ እንዳየሁት አፓረንት የተጠቀመበትን ተማሪ ካልተጠቀመበት የሚለየው ይሄ ነው። ዘመድ መኖሩ ወይም ውጤት መስቀሉ አይደለም።

«በሀዋሳ ከተማ የወንጀል መንስኤዎችና መፍትሔዎቻቸው» ብለሽ ብትሄጂ ማንም አይከለክልሽም። ማንም ግን አያነበውም። ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ። መናኸሪያ አካባቢ ባለፉት ስድስት ወራት ከተመዘገቡት የሞባይል ንጥቂያዎች አብዛኞቹ የተፈጸሙት በስንት ሰዓት ነው? የኢንዱስትሪ ፓርኩ የማታ ፈረቃ ሲለቀቅ ሠራተኞቹ በእግር በሚሄዱበት መንገድ ላይ በትክክል የሚበራው መብራት ስንት ነው? ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ዕለት ልጅ የጠፋበት ወላጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማን ነው? ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የበዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ሲሞላ አምቡላንስ በየት በኩል ይገባል? እያንዳንዷ ጥያቄ ትንሽ ናት። እያንዳንዷ ግን ውሳኔ ትጠብቃለች።

«ፖሊሲ» ስትዪ አዳራሽ ውስጥ የሚጸድቅ ወፍራም ሰነድ እየታየሽ ይሆናል። አዋጅ የሚያወጡት የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የከተማ ድርሻ ሌላ ነው። መብራት መጀመሪያ የትኛው መንገድ ላይ ይግባ? ባጃጅ የት ይቁም፣ እስከ ስንት ሰዓት ይሥራ? የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያ ከቀበሌው ነዋሪ ጋር በየስንት ጊዜው ይገናኝ? ሮንድ፣ የሰፈሩን የሌሊት ጥበቃ፣ የሚጠብቁትን ማን ይመዝግብ፣ ማን ይቆጣጠር? ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚሰማውን የሚለውጡት እነዚህ ናቸው። የሚወሰኑትም በዓመታዊ ዕቅድና በበጀት ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚሠራው ግን ቀደም ብሎ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ሦስት ገጽ ንጹሕ ማስታወሻ እጁ የገባ ባለሙያ ይጠቀምበታል። አፓረንታችሁ ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ የግማሽ ዓመቱን ግምገማ አስቢ። ጥር ላይ ዕቅድ ይከለሳል። ማስታወሻሽን ስትሰጪ «ለግማሽ ዓመቱ ክለሳ እንዲረዳ» ብለሽ ጻፊበት።

አሁን ስለ መዝገቡ ልንገርሽ፤ ዋናው ሥራሽ እሱ ነውና።

ብዙ ቦታ የዕለት ሁኔታ የሚመዘገበው በትልቅ ደረቅ ሽፋን ባለው ደብተር ነው። ዓምዶቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ የተወሰደ እርምጃ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሰዓቱን ዓምድ ተከተይው። አንዱ ተረኛ «ማታ 2፡00 ገደማ» ብሏል። ሌላው «20፡00» ብሏል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ሦስተኛው «8፡00» ብሎ አልፏል። ከቀኑ ነው? ከሌሊቱ ነው? ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ነው? ቦታው ላይ ስትሄጂ «ከመናኸሪያ ጀርባ»፣ «ሐይቅ ዳር መናፈሻው ጋ»፣ «ድልድዩን አለፍ ብሎ» ይላል። የጉዳዩ ዓይነት ላይ ደግሞ አንዱ ንጥቂያ ያለውን ሌላው ስርቆት ይለዋል፤ ሦስተኛው ውንብድና ይለዋል። ዝም ብለሽ ከቆጠርሽ ተረኛው በተቀየረ ቁጥር የወንጀሉ ዓይነት የተቀየረ ይመስልሻል። ሪፖርት ላይም «ንጥቂያ ቀንሷል» ተብሎ ይጻፋል። የቀነሰ ነገር ግን የለም።

እዚህ ላይ አትቸኩይ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንዳለ ለዚህ ስጪው። አካባቢውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ ነባር ፖሊስ ፈልጊ፤ በየጣቢያው አይጠፋም። ወረቀት ላይ መንገዶቹን ሥለሽ አጠገቡ ተቀመጪ። «ከመናኸሪያ ጀርባ ሲሉ የትኛዋን መንገድ ነው?» በይው። በጣቱ ያሳይሻል። «ድሮ ይቺ ነበረች፤ አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ግን ሰው በዚያኛው ነው የሚያልፈው» ይልሻል። ከዚህች ዓረፍተ ነገር የምታገኚው እውቀት በየትኛውም ሌክቸር የለም። ከዚያ ሁሉንም ወደ ኤክሴል አስገቢ። ሰዓቱን ወደ አንድ አቆጣጠር መልሺው። ጉዳዩን በአንድ ስም ጥሪው። ምን ብለሽ እንደወሰንሽም ለብቻው ገጽ ላይ ጻፊ፤ ካንቺ በኋላ የሚመጣው ልጅ እንዲቀጥልበት።

አብራኝ የሠራች አንዲት ተማሪ ያደረገችው ይህንኑ ብቻ ነበር። ያገኘችው ነገር አጭር ነው። ንጥቂያው የሚበዛው ሰው ከሥራ ወጥቶ ታክሲና ባጃጅ በሚጋፋበት ሰዓት ነበር። የእግር ቅኝቱ ግን የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። ቅኝቱ ቀደም ብሎ እንዲጀምር ለማድረግ አንዲት ሠንጠረዥ በቃች። ገንዘብ አላስወጣም፤ ስብሰባም አላስጠራም።

በዚህ ሙያ የሚታወቁ አራት እርምጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ ፖሊስ የተሞከሩ ናቸው። ችግሩን መለየት፣ መተንተን፣ ምላሽ መስጠት፣ ከዚያ ምላሹ መሥራት አለመሥራቱን መመዘን። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው እንዘላለን። ችግር አለ ይባላል፤ ዘመቻ ይወጣል። ሁለተኛውና አራተኛው ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ባለሙያው ደግሞ ጊዜ የለውም። አንቺ ጊዜ አለሽ። የአፓረንት ተማሪ ቦታ እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መዝገቡ ሁሉንም እንደማይነግርሽም እወቂ። ብዙ ጠብ ፖሊስ ጋ ሳይደርስ በሶንጎ (በሲዳማ የሽማግሌዎች ሸንጎ)፣ በዕድር ወይም በሃይማኖት አባቶች ያልቃል። ይህ ለሰፈር ሰላም ትልቅ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹን ሳያከብር በሀዋሳ ስለ ደህንነት የሚያወራ ሰው ብዙ ይቀረዋል። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባና መንገድ ላይ የሚፈጸም ለከፋም መዝገብ ላይ የሉም። አንዳንዴ መደፈር ጭምር «በሽምግልና አለቀ» ሲባል ትሰሚያለሽ። እሱ በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ነው። ማስታወሻሽ ላይ «በመዝገብ የሴቶች ጥቃት አነስተኛ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። «የተመዘገበው አነስተኛ ነው» በይ።

መዝገብ ላይ የሌለውን ለማየት መንገዱን መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በቶሮንቶ ሴቶች በሚፈሩባቸው ቦታዎች ራሳቸው እየተዘዋወሩ የሚያስፈራቸውን የሚመዘግቡበት ዘዴ ተጀመረ። ዛሬ ብዙ ከተሞች ይጠቀሙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅት፣ ዩኤን ሀቢታት፣ «ደህንነታቸው የተጠበቀ ከተሞች» የሚለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀምር ጥያቄው የመጣው ከአፍሪካ ከንቲባዎች ነበር። ይህን የምነግርሽ ሐሳቡ የባዕድ እንዳይመስልሽ ነው።

የፓርኩን መንገድ ከመረጥሽ እንዲህ አድርጊው። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚያልፉ አምስት ስድስት ሠራተኞችን ይዘሽ፣ የብሎክ ተጠሪውን አስፈቅደሽ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ውጡ። ከፓርኩ በር እስከ ኪራይ ቤቶቹ ሂዱ። እያንዳንዱን ምሰሶ ቁጠሩ። አንዱ ምሰሶ አለው፤ አምፖል የለውም። ሌላው አምፖሉ ይበራል፤ ዛፉ ግን ብርሃኑን ውጦታል። ቀጥሎ ጅምር ሕንፃ አለ፤ ቆርቆሮ አጥሩ የእግረኛውን መንገድ ወስዶ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ አስቀርቷል። አጠገቡ ክዳን የሌለው ቦይ ነው፤ ልሩጥ ብትዪ እግርሽ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ማንም ሳይላቸው ፍጥነታቸውን የሚጨምሩበትን ቦታ ልብ በዪ። እዚያ ላይ ቆመሽ ጻፊ።

ቤት ስትመለሺ የጻፍሽውን እዪው። አምፖሉ የማዘጋጃ ቤትና የመብራት ኃይል ጉዳይ ነው። ዛፉ የከተማ ውበት ነው። አጥሩ የግንባታ ፈቃድ ነው። ቦዩ የመንገድና የፍሳሽ ነው። የሰላምና ጸጥታ መምሪያ በቀጥታ የሚያዝበት አንድም የለም። ለዚህ ነው ደብዳቤሽን ጸጥታ መምሪያ ብቻ አትያዢው የምልሽ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የከተማው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴም የማኅበረሰብ ደህንነት ይሠራሉ። አንዳንዶቹ በዚህ ስም አይጠሩትም እንጂ።

መብራት ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ተንቀሳቃሽ ትልልቅ መብራቶች አቆመች። የትኛው ግቢ እንደሚያገኝ በዕጣ ተወሰነ። ተመራማሪዎች ሲለኩት መብራት ባገኙት ግቢዎች ማታ ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ቁጥሩን ወስደሽ ሀዋሳ ላይ አትለጥፊ፤ የዚያ ከተማ ቁጥር ነው። የምትወስጂው አሠራሩን ነው። መብራቱ ከመቆሙ በፊት ቆጥረዋል፣ ከቆመ በኋላም ቆጥረዋል፣ መብራት ካላገኘ ግቢ ጋርም አወዳድረዋል። አንቺም ዛሬ ከቆጠርሽ፣ መብራቱ ሲገባ የሚያወዳድር ሰው መነሻ ይኖረዋል።

ከዚህ በኋላ የምለውን ጠበቅ አድርገሽ ያዢልኝ።

የመዝገቡን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አታንሺ። ቴሌግራም ላይ ለአማካሪ መምህርሽም ቢሆን አትላኪ። ኤክሴልሽ ውስጥ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር አይግባ፤ ተራ ቁጥር ይበቃሻል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ከሕጉም በላይ፣ ያቺ መዝገብ ላይ ስሟ የሰፈረ ሴት ያንቺ ጎረቤት ልትሆን ትችላለች።

ብሔርና ሃይማኖት የሚል ዓምድ አትክፈቺ። ቢጠይቁሽም አትክፈቺ። በ2010 ሰኔ እና በ2011 ሐምሌ ሀዋሳ ያየችውን ግጭት የሚያስታውስ ሰው፣ ወንጀልን በብሔር የሚከፍል ሠንጠረዥ ከቢሮ ቢወጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። ለጥያቄሽም አይጠቅምሽም። መብራትና ሰዓት ብሔር የላቸውም።

«ዶርም ውስጥ ምን ይወራል?» የሚልሽ ሰው ከመጣ፣ ያ አፓረንት አይደለም። በትሕትና «የመጣሁት ለዚህ ጥናት ነው» በዪና የዚያኑ ቀን ለአማካሪሽ ንገሪ። ኦፕሬሽን ላይ አትውጪ። ምርመራ ክፍል አትግቢ፤ የተያዘ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መብት አለው፣ የአንቺ እዚያ መቀመጥ ለእሱም ላንቺም አይበጅም። ጥቃት የደረሰባትን ሴት ቃለ መጠይቅ ላድርግ አትበዪ። ያ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ እሷም ታሪኳን ደጋግማ መናገር የለባትም።

ወደ አገባቡ ልምጣ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ለማንም አይመለከትም። ትምህርት ክፍልሽ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጠርቶ ይጻፍልሽ። ከሱ ጋር በራስሽ የጻፍሽው አንድ ገጽ አያይዢ። ጥያቄዬ ይህ ነው፣ ማየት የምፈልገው መዝገብ ይህ ነው፣ ስም አልወስድም፣ በዚህ ቀን ይህን አስረክባለሁ የሚል። መዝገብ ቤት አስገቢና የራስሽ ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፊ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰሽ «ደብዳቤዬ ለማን ተመራ?» በዪ። ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ይታይ» ብሎ የመራለትን ባለሙያ ስም ስታገኚ ቀጥታ ወደ እሱ ሂጂ። «ነገ ተመለሺ» ቢልሽ ነገ ተመለሺ፤ አትቀየሚ። ሲዳሙ አፎ፣ የሲዳማን ቋንቋ፣ ካልቻልሽ ከሚችል የክፍል ጓደኛሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ ግቡ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ በሱ ይመጣል። እናቶችም ስለ ሰፈራቸው ሲያወሩ በአፍ መፍቻቸው ሲሆን ሌላ ነገር ነው የሚወጣቸው።

ከገባሽ በኋላ ኮፒ አንሺ ቢሉሽ አንሺ። ሥራ የበዛበትን ሰው ማገዝ ነውር የለውም። ብቻ በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ሰዓት እንዲሰጥሽ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሚ። ሁልጊዜ ባለሙያው ጋ ይሁን እንጂ ኃላፊው ጋ አይሁን፤ ኃላፊ ይቀየራል። ማስታወሻሽ ከሦስት ገጽ አይለፍ። አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ምክረ ሐሳብ። ምክረ ሐሳቡ «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» አይሁን። ማን፣ ምን፣ የት፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር የሚል ይሁን። ከማስረከብሽ በፊት ካርታውን ላሳየሽ ነባር ፖሊስ አንብቢለት። የተሳሳተ ካለ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለ ባንክና ኤንጂኦ ብዙ አልልም። ኤንጂኦ የተሻለ ቢሮና ምናልባት የትራንስፖርት ብር ይኖረዋል። ከተማ አስተዳደር ይከፍለኛል ብለሽ አትጠብቂ፤ የባጃጅና የምሳ ወጪሽን አስቀድመሽ አስቢበት። ፖሊሲ እንዴት እንደሚወሰን ማየት ከፈለግሽ ግን የሚወሰንበት ቦታ መሄድ ነው።

አባትሽ ፈርተው ነው ያኮረፉት። «ጸጥታ» ሲባል የሚታያቸው ጠመንጃና ግርግር ነው፤ ከኖሩበት ዘመን አንጻር ፍርሃታቸው ልክ ነው። አትከራከሪያቸው። ያቺን አንድ ገጽ አንብቢላቸው። መዝገብ እንደምታነቢ፣ መብራት እንደምትቆጥሪ፣ በሥራ ሰዓት ገብተሽ 11፡30 ላይ እንደምትወጪ፣ ምሽት ላይ የምትወጪው አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ከብዙ ሰው ጋር መሆኑን ንገሪያቸው። የባለሙያውን ስምና ስልክ ስጫቸው። ቢፈልጉ ደብዳቤውን ልታስገቢ ስትሄጂ አብረውሽ ይምጡ፤ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ወንበር አለ።